ወንበሮቹ ሲመለሱ ባንዱም ይመለስልን

ጥቅምት 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ወጋየሁ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
መካኒሳ

ጉዳዩ፦ በወይዘሮ ገበያነሽ ግሮሰሪ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚጫወተው ባንድ በሐዘን ምክንያት ዝም እንዲል የተሰጠው ትእዛዝ እንዲሻሻልልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ላውራ። እኔ ካላወራሁት ወይዘሮ ተሾመች ያወሩታል፤ እንዲያውም ግማሹ መካኒሳ ሰምቶታል። ይህ አቤቱታ በመጽሔት ዓምዴ ላይም ስለሚወጣ፣ ያልሰማው ግማሽ ከእኔው ይስማ።

በመስከረም አንድ እሑድ ባንድ ልሰማ ብዬ ቀይ ቀሚሴን ለበስኩ። ከንፈሬንም ቀባሁ። ተረከዘ ረጅም ጫማዬን አድርጌ፣ ያንን የድንጋይ መንገድ እየተንገዳገድኩ አልፌ ግሮሰሪው ስደርስ ቤቱ ባዶ ነው። የጠፋው ሰው ብቻ አይደለም፣ ወንበርም የለም። ሞንታርቦው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ይህ በእኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሰው ሞቷል ማለት ነው። የዕድሩ ወንበር ስለማይበቃ የገበያነሽ አረንጓዴ ወንበሮች ለቅሶ ቤት ሄደዋል። ተመልሼ ልብስ ልቀይር እንዳልል፣ ከድንኳኑ ውስጥ ሆነው ያዩኝ ሰዎች አሉ። ምን ላድርግ? ወንበሮቹን ተከትዬ ገባሁ። ቀይ ለብሼ፣ ከንፈሬን በመሐረብ እየፈተግሁ፣ በየእሑዱ ዘፈን በምሰማባት በዚያችው እግሯ በምትነቃነቅ ወንበር ላይ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ተሾመች ከፊቴ ነበሩ። ጎንበስ ብለው፣ «አንቺ ውዳሴ፣ ሰርጉ የማን ነው?» አሉኝ።

የሞቱት አቶ ፈየራ ነበሩ። የዛሬው አቤቱታዬም የሚጀምረው ከእሳቸው ነው።

1ኛ. አቶ ፈየራ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። እሑድ እሑድ ከድራሙ አጠገብ ተቀምጠው፣ ከአምቦ ውሃ ሌላ ሳይቀምሱ ባንዱን ይሰማሉ። ድራም መቺው ቴዎ ሞቅ ሲለው ማጣደፍ ይወዳል። ያኔ እሳቸው ከተቀመጡበት ሆነው፣ «ቴዎ! ፍሬን ያዝ! ተሳፋሪ ጭነሃል!» ይሉታል። ቤቱ ይስቃል፣ ቴዎም አፈር ብሎ ይቀንሳል።

ክቡርነትዎ «ሙዚቃ ያማረው ቤቱ ቁጭ ብሎ ካሴት ይስማ» ማለትዎ ደርሶኛል። ካሴትማ ሞልቶኛል። ግን ካሴትን ፍሬን ያዝ ቢሉት አይሰማም። ድምፃዊቷ ሜሪ ዘግይቶ የገባን ሰው በዘፈኗ መሐል ስሙን ጠርታ «የት ከርመህ ነው?» ትለዋለች። እኔ አንድ ቀን ፀጉሬን ተቆርጬ ብገባ፣ «ምነው ከመቀስ ተጣላሽ ወይ?» እያለች ዘፍናብኛለች። መድረኩ በቢራ ሣጥኖች ላይ የተነጠፈ ጣውላ ስለሆነ ቅርባችን ናቸው። ባስ ጊታር የሚጫወተው ልጅ ሲሳሳት ፊቱን እናያለን፣ እሱም ማየታችንን ያያል። ይህን የሚሸጥ ካሴት ቤት እስካሁን አላገኘሁም። ክቡርነትዎም ሳያውቁት የሚቀሩ አይመስለኝም። በሐምሌ አንድ እሑድ፣ ግራጫ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ከምሰሶው ጀርባ የተቀመጡ ሰው ነበሩ። ማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም። ኮፍያው ግን የእርስዎን ይመስል ነበር፤ ጫማቸውም ምት አልሳተም።

2ኛ. ሐዘን ማክበርን ለገበያነሽ ቤት ማንም አላስተማረውም። ሰው ሲሞት እትዬ ገበያነሽ ሳይጠየቁ ወንበሮቻቸውን ይሰጣሉ። ተሸክሞ የሚያደርሰውም ባንዱ ራሱ ነው። የባንዱ መሪ ሙሴ ሳክስፎኑን አስቀምጦ ወንበር በትከሻው ይደረድራል፤ ቴዎ የድንኳኑን ካስማ ይመታል፣ እዚያም ያጣድፋል። ወንበር በሌለበት ቤት ደግሞ ሙዚቃ የለም። ሠልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ ሲነቀል ዕድሩ ወንበሮቹን ሰብስቦ ይመልሳል፤ በሚቀጥለው እሑድ ባንዱ ይጫወታል። እስከ መስከረም ድረስ የኖርነው እንዲህ ነው።

3ኛ. ከአቶ ፈየራ ቀብር በኋላ ግን ከጽሕፈት ቤትዎ የወጣ ትእዛዝ በግሮሰሪው በር ላይ ተለጠፈ። «በአካባቢው ሐዘን ባለ ጊዜ ሁሉ እስከ አርባው ድረስ በባንድ መጫወት ክልክል ነው» ይላል። አሳቡ መልካም ነው፤ ይህን ለማለት አልሰስትም። ግን ክቡር ሆይ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን እስከ ወንዙ ማዶ ስንት ቤት አለ? የአንዱ አርባ ሳይወጣ የሌላው ይገባል። የአቶ ፈየራ አርባ ገና ሳይደርስ የጋራዡ ባለቤት እናት አረፉ። የእሳቸውን ስንቆጥር ወይዘሮ ተሾመች መርዶ ተረዱ፤ ጎጃም የሚኖሩ የአክስታቸው ባል ሞተዋል። ሰውዬው የሞቱት በክረምት ነው። መርዶው የደረሰው ግን አሁን በጥቅምት ስለሆነ፣ አርባውም ከጥቅምት ይቆጠር ተባለ። ማንም ሰው ባንዱን ለማስቆም ብሎ ሞተ አላልኩም። ነገር ግን መካኒሳ ሰው የማይሞትበት አርባ ቀን እስኪያገኝ ከጠበቅን፣ ሙዚቃው የሚጀመረው ሰሚው ካለቀ በኋላ ነው።

4ኛ. ትእዛዙ እንዲወጣ ያመለከቱት ወይዘሮ ተሾመች መሆናቸውን ሰፈሩ ያውቃል። የአንድ ወገን ብቻ ይዞ መጻፍ ደግሞ ነውር ነውና ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። በር ላይ አቁመው፣ «ዛሬስ ቀዩን የት ጣልሽው?» ብለው ከሳቁብኝ በኋላ አስገቡኝ። ለካ ነገሩ ሌላ ነው። አምና እህታቸው ስትሞት ወንበሮቹ ልክ በሠልስቱ ተሰበሰቡ። ቀጥሎ እሑድ መጣ። እሳቸውን ከግሮሰሪው የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው።

«ጥቁሩን ገና አልለመድኩትም ነበር» አሉኝ። «ሳክስፎኑ ጀመረ። ያውም እህቴ የምትወደውን ዜማ። ትራስ ጆሮዬ ላይ ጫንኩ። ወንበሩን ሲወስዱ እንኳ ‹እትዬ ተሾመች፣ በቃሽ ወይ?› ያለኝ ሰው የለም። ብድግ አድርገው ሄዱ።»

እሳቸው ትራስ ሲጭኑ እኛ ከአጥሩ ወዲያ «ይደገም!» እያልን ነበር።

5ኛ. አሁን ደግሞ የአቶ ፈየራ ባለቤት ወይዘሮ ጤናዬ ያደረጉትን ይስሙልኝ። ዘመድ ከሩቅ እየመጣ ስለነበረ፣ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላም አንዳንድ ወንበሮች እሳቸው ቤት ቀርተው ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት አሸክመው መጡ። አንዱን ግን ራሳቸው ይዘውታል። ከድራሙ አጠገብ አስቀመጡትና ሙሴን ጠሩት። እኔ እዚያው ነበርኩ።

«አንተ ሙሴ፣ ዛሬ እሑድ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ትጎለታለህ?»

«ትእዛዝ አለ፣ እትዬ። ለጋሽ ፈየራ ክብር ሲባል እስከ አርባው አትጫወቱ ተብለናል።»

«የሞተው የእኔ ባል ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ወይዘሮ ጤናዬ በጥቁር ልብሳቸው ቁጭ ብለው አምቦ ውሃ አዘዙ። ባዶውን መድረክ እያዩ ቀስ ብለው ጠጥተው ጨረሱና፣ «በሉ ደኅና ዋሉ» ብለው ሄዱ። የዚያን ቀን ትእዛዝዎ በሚገባ ተከብሯል፤ ይህን እመሰክራለሁ። እንዲህ ዓይነት ከባድ መከበር ግን ለጠላቴም አልመኝም።

እንግዲህ ልብ ይበሉልኝ፤ ሁለቱ ሴቶች የሚፈልጉት ለየቅል ነው። አንደኛዋ ዝምታ፣ ሁለተኛዋ ሳክስፎን። ቅሬታቸው ግን አንድ ነው። ዕድሩም፣ ቀበሌውም፣ እኛም የሐዘናቸውን ልክ ለክተን ሰጠናቸው እንጂ የጠየቃቸው አልነበረም።

6ኛ. ታዲያ ምን አስቸኮለሽ ይሉኝ ይሆናል። ናዝሬት ያለ አንድ ሆቴል ሙሴንና ጓደኞቹን በቋሚነት ሊቀጥራቸው ጠይቋል። እሺ ወይም እምቢ ማለት ያለባቸው ሰኞ ኅዳር 1 ቀን ነው። ሙሴ ተወልዶ ያደገው ከአቦ ታች ነው፤ ሳክስፎን የጀመረውም ውሾቻችንን እያስጮኸ እዚሁ ነው። አሁን ጎረቤት እንዳይቀየም ብሎ የሚለማመደው የሳክስፎኑ አፍ ውስጥ ሹራብ ወትፎ ነው። ቴዎ ደግሞ የእናቱን ሶፋ ይመታል። እናቱ ከዚህ አቤቱታ ሥር የፈረሙት ለሙዚቃ ፍቅር ሲሉ ሳይሆን ለሶፋው ሲሉ መሆኑን ሳይደብቁ ነግረውኛል።

ሙሴን «እውነት ትሄዳላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እኔ ከዚህ ሰፈር ንቅንቅ ማለት አልፈልግም» አለኝ። «ግን ውዳሴ፣ ሰው እስከ መቼ ሹራብ ውስጥ ይነፋል?»

ከሄዱ የሚመለሱ አይመስለኝም። ናዝሬት ሞቃት ነው፣ ሆቴሉም እውነተኛ መድረክ አለው። እትዬ ገበያነሽም በእነሱ ፈንታ ትልቅ ቴፕ ለማስገባት አስበዋል። ቴፕ እንግዲህ፣ ወይዘሮ ተሾመችም እዚህ ላይ ቢያዳምጡኝ፣ እሑድን አይጠብቅም፤ በየቀኑ ይጮኻል። ወንበር ተሸክሞም ለቅሶ አይደርስም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ የሚከተለውን እንዲፈቅዱልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ሀ) በበሩ ላይ የተለጠፈው ትእዛዝ ተነሥቶ፣ የዝምታውን ልክ ሐዘንተኛው ራሱ እንዲወስን ይደረግ። ድንኳኑ ሲነቀል ዕድሩ የገበያነሽን ወንበሮች አይሰብስብ፤ ሐዘንተኛው ቤት ይቆዩ። ሐዘንተኛው በራሱ ጊዜ በቃኝ ብሎ ሲመልሳቸው ባንዱ ይጀምር። ሳምንትም ይሁን ወር ማንም ሄዶ እንዳይጎተጉት።

ለ) የገበያነሽ ወንበር ያልሄደበት ሐዘን፣ ጎጃምም ይሁን ጅማ፣ በልብ ይያዝ እንጂ ባንድ አያስቁም።

ሐ) የጋራዡ ቤተሰብ ወንበሮቹን ስለመለሱና ዛሬ ሁሉም ግሮሰሪው ውስጥ ስለሆኑ፣ ለጥቅምት 30 እሑድ የሚደርስ መልስ ይሰጠን።

«ሀ» የሚለውን ለወይዘሮ ተሾመች አነበብኩላቸው።

«እኔ ብሆን ዓመት አስቀምጣቸው ነበር» አሉ።

ደነገጥኩ። ይህ ነገር ሊበላሽ ነው ብዬ ወረቀቴን ማጠፍ ጀመርኩ።

«ተይ አትጠፊው፣ ለነገሩ ነው» አሉኝ። «አንድ ወር ይበቃኝ ነበር። ያ ሁሉ ወንበር እዚህች ቤት ውስጥ የት ሊቀመጥ? ግን እኔ ነኝ የምመልሰው፤ ገባሽ? እኔ ራሴ።»

ገባኝ አልኳቸው። የጎጃሙ የአክስታቸው ባል አርባ እንዴት እንደሚሆን ፈራ ተባ እያልኩ ብጠይቃቸው ደግሞ፣ «እሳቸውማ በሕይወት ሳሉም ከጭፈራ ቤት አይጠፉም ነበር» አሉና ብዕሬን ከእጄ ወስደው ፈረሙ። ከፊርማዎቹ ሁሉ ትልቁ የእሳቸው ነው፤ ተያይዞ ያገኙታል። የወይዘሮ ጤናዬም አለበት።

ክቡር ሊቀመንበር፣ መልስዎ እሺም ይሁን እምቢ፣ ሰኞ ኅዳር 1 ቀን ጠዋት ጽሕፈት ቤትዎ ሲከፈት ደጃፉ ላይ ያገኙኛል። ባንዱ ተጫውቶ ከሆነ ማን ቀድሞ እንደተነሣ፣ ማን አልጨፍርም ብሎ ቆይቶ ኋላ ቁጭ በል ቢሉት እምቢ እንዳለ፣ አንዲት ሳላስቀር አወራልዎታለሁ፤ ያንኑም ለአንባቢዎቼ እጽፋለሁ። እሑዱ በዝምታ ካለፈ ደግሞ የማወራልዎት አጭር ነው። ሙሴ ለናዝሬት ሰዎች ምን ብሎ እንደሚመልስላቸው ነግሬዎት እሄዳለሁ።

እሑድን በጉጉት ከሚጠብቅ ሰፈር፣ ከሰላምታ ጋር፣

ውዳሴ እንግዳ
(ፊርማ)
ስለ ራሷና ስማቸው ከዚህ ጋር ስለተያያዘው ጎረቤቶቿ