በጀርባቸው የታወቁት ካርታዎች

መካነ ሰላም፣ የካቲት 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ዛሬም በልብስ ሰፊው በሰይድ በረንዳ ላይ ካርታዬን ይዤ ብቻዬን ዋልኩ። አምና ከአቀስታ ድረስ ተጫዋች ይመጣ ነበር። አርባውንም ካርታ ከሳሙና ካርቶን ቆርጬ፣ አውሬዎች ስዬበት፣ የጨዋታውን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ሰው ለምን እንደቀረ ሰይድን ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና ካርታው አርጅቷል። የአንበሳው ጥግ ተቀዷል፤ ጅቡን ዘይት ነክቶታል። ገና ሳይገለጥ ሁሉም ያውቀዋል። አዲስ ይሥሩ ብንልዎት እምቢ አሉ» አለኝ።

«ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተጫወቱ!» አልኩት።

«ወላሂ፣ ጨፍነንም በጣታችን እናውቀዋለን!» ብሎ ሳቀ።

ተቆጥቼ ቤቴ ገባሁ። አርባውንም ደፍቼ ደረደርኩና ስማቸውን እየጠራሁ አንድ በአንድ ገለጥኩ። አንዱንም አልሳትኩም።

እስከ ዛሬ የማሸንፈው በብልሃቴ ይመስለኝ ነበር።