ከሰል አምጪው ሐሙስ ይመጣል

ውድ ክላረንስ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲያ ስለሚባል ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። እሁድ ስትደውል ስልኩን ጆሮህ ላይ መዝጋቴ እንዳናደደህ ጎረቤታችን ቤሪል ነገረችኝ። ለእሷም ደውለህ «ኤድናን ምን ነካት?» ብለሃታል። ምን እንደነካኝ ልንገርህ። በስልክ ያልነገርኩህ፣ ስልክ ላይ ድምፅህን ታለሳልስና እኔም እንደ ሌላው ሰው አምኜህ ቁጭ ስለምል ነው። ወረቀት ላይ ድምፅ የለህም።

የጠየቅከኝ ይህን ነበር፤ «ቴአትሩ ፊልም ሊሆን ነው፣ እንደ ድሮው ሐሙስ ሐሙስ መምጣት ልጀምር። እማዬ አሁን የት ደረሰች?» እንደ ባቡር፣ የት ደረሰች። እንዴት ናት እንኳ አላልክም። መልሴን መጨረሻው ላይ ጽፌዋለሁ፤ ዘለህ እንዳታነብ ብቻ። መቼም አንተ ያልገባህበትን ገጽ መዝለል ልማድህ ነው።

እዚህ ባከፕ ከተማችን ውስጥ ያንተን ያህል ሰው የሚያስመስል ልጅ አልነበረም፤ ይህን አልክድህም። የቄሱን ሳል፣ የፋብሪካውን አለቃ አረማመድ፣ የቤሪልን እናት ጥርስ አልባ ሳቅ። ሰፈሩ በሳቅ ይፈርስ ነበር፣ ሁሉም የየራሱ ተራ እስኪደርሰው ድረስ። አባባ የሞተ ጊዜ ያየሁትን ግን ከእኔ በቀር ያየ የለም። እሱ ታች ሳሎን ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል፤ አንተ ፎቅ ላይ የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ቆመህ ታለቅሳለህ። እያለቀስክ ራስህን ታያለህ። አገጭህን ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል አደረግከውና እንደገና አየኸው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያንተ ግን ከአንጀትህ ይሁን ከአገጭህ ሳልለየው ቀረሁ። ወርጄ ለእማዬ ብነግራት «ተይው፣ ሐዘኑ በዚያ ነው የሚወጣለት» አለችኝ። እሷ ላንተ ያልፈለገችልህ ሰበብ የለም።

ሃያ ዓመት ሳይሞላህ ብላክፑል ሄደህ የገናው አስቂኝ ቴአትር ላይ፣ አሮጊቷን ወንድ መጫወቱ ወግ ነውና፣ ቀሚስ ለብሰህ አሮጊቷን ሆንክ። ራስህ ላይ የደፋኸው የእማዬን የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ ነው፤ ሳታስፈቅድ። እማዬ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ከሰው ሁሉ በላይ ሳቀች። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ግን «ባርኔጣው እኮ ገና አዲስ ነበር» አለች፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ሻርፕ አስራ ሆነ።

ከዚያማ ያልሆንከው የለም። ንጉሥ ሆነህ ዘውድ ደፋህ፣ ሰካራም ሆነህ ተንገዳገድክ፣ ጳጳስ ሆነህ ባረክ፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ ሰው በገመድ አንቀህ ገደልክ፣ በቴሌቪዥን ዝናብ የማይለየው መርማሪ ፖሊስ ሆነህ አገሩን ሁሉ እሁድ ማታ ቤቱ አስቀመጥከው። ቤተ መንግሥት ተጠርተህም «ሰር» ተባልክ። እማዬ ፎቶዎቹን ከምድጃው በላይ ደርድራ፣ ሰው በመጣ ቁጥር «ይሄ ክላረንስ ነው፣ ይሄም ክላረንስ ነው» ትል ነበር። አንድ ቀን ቤሪል «ሂልዳ፣ ራሱን ክላረንስን የሆነበት የለሽም እንዴ?» ብትላት ስትፈልግ ቆይታ ከመሳቢያ የትምህርት ቤት ፎቶህን አወጣች። አንተ ራስህ የምትመጣው በዓመት አንዴ ነበር፤ ካፖርትህን ሳታወልቅ፣ ሰዓትህን እያየህ፣ አንድ ስኒ ሻይ ግማሽ ጠጥተህ።

እማዬ መርሳት ስትጀምር እንኳ ለወራት አልመጣህም። የመጣህባት ያቺ ሐሙስ ግን ከፊቴ አትጠፋም። በፊት በር ገብተህ «እማዬ» ስትላት ቀና ብላ አየችህና ፊቷ ተኮሳተረ።

«አንተ ሰውዬ፣ በፊት በር አትግባ ስንቴ ልበልህ? ምንጣፌን በከሰል ልታጠቁርብኝ ነው?»

እኔ «ክላረንስ እኮ ነው» ልላት አፌን ስከፍት በእጅህ ዝም አሰኘኸኝ።

«ይቅርታ እትዬ ሂልዳ፣ ተሳስቼ ነው» አልካት፣ በክሌግ ድምፅ።

ክሌግ፣ ከሰል አምጪያችን፣ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው። ቤቱ ጋዝ ከገባለትም ቆይቷል። አንተ ግን ወጥተህ፣ የረድፉን ቤቶች ዞረህ፣ በኋላ በር ጀርባህን አጉብጠህ ብቅ አልክ።

«ዛሬ ስንት ከረጢት ነው፣ እትዬ?»

«ሁለት። ያለፈው ግማሹ ድንጋይ ነበር፣ አንተ ሌባ።»

«ድንጋዩንማ በነጻ ነው የመረቅኩልዎት።»

እማዬ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር፣ ከታመመች ወዲህ። የኋላው ደረጃ ላይ አስቀምጣህ ሻይና የዝንጅብል ኬክ ሰጠችህ። ቤሪል በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «ምነው ሰር ክላረንስ፣ ከቤት አባረሩህ?» አለችህ።

«ዝም በይ ሴትዮ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አልካት።

ሦስታችንም ሳቅን። ለካ እውነትህን ነበር።

ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ ከለንደን መምጣት ጀመርክ። ካፖርትህን ታወልቃለህ፣ ሰዓትህን አታይም። እኔ በደስታ መቀመጫ አጥቼ ነበር፤ ለቤሪል «ያ ሁሉ ጥበብ ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል» ብያታለሁ። እማዬ ስኳር ጨምራ ረስታ ደግሞ ስትጨምር፣ የቀሚሷን ጠርዝ ስታጣጥፍ፣ የኬኩን ፍርፋሪ በጣቷ ጫን እያደረገች ስትለቅም ዐይንህን አትነቅልባትም። እናቱን አይቶ ያልጠገበ ልጅ ነበር የመሰልከኝ።

አንድ ጊዜ አዲስ የቤት ጫማ አመጣህላት፣ ውስጡ የበግ ፀጉር ያለው። አሮጌውን «እኔ እጥለዋለሁ» ብለህ በጋዜጣ ጠቅልለህ ወሰድከው። የግራውን ታውቀዋለህ፤ የአውራ ጣቷ አጥንት ስለሚያማት ጎኑን ራሷ በመቀስ የቀደደችው ነው። «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» አልኩ። ለጋዜጠኛ ሁሉ «እኔ መጀመሪያ የሰውየውን ጫማ ነው የምፈልገው፤ ሰውየው ከኋላ ይከተላል» እያልክ ስታወራ አንብቤ ሳለ፣ ያን ቀን አንዱም ትዝ አላለኝም።

ከዚያ የሻዩ ቀን መጣ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ አንተ ግን በየማታው ለአንድ አዳራሽ ሰው ካሳየኸው እኔ ላንተ ብጽፈው ምንም አይደል። እማዬ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሽንቷ አመለጣት። እኔም አየሁ፣ አንተም አየህ፣ ማየታችንንም እሷ አየች። በዚያች ቅጽበት አእምሮዋ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ነበር፤ ከፊቷ ያስታውቃል። ዕድሜዋን ሙሉ የደጇን ደረጃ በድንጋይ ፈትጋ ያነጣች ኩሩ ሴት ናት። ስኒዋን አነሳችና ቀስ አድርጋ ጭኗ ላይ ደፋችው። «አይ እጄ፣ ሻዬን ደፋሁት» አለች። እኔ ፎጣ ይዤ ተንበረከክሁ። አንተ ከቦታህ አልተነሳህም። ደንግጠህ መስሎኝ ነበር።

መኸር ላይ የአዲሱን ቴአትርህን ሁለት ቲኬት ላክህልኝና ከቤሪል ጋር ለንደን ወረድን። መጋረጃው ሲከፈት አንዲት አሮጊት ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። ከፊቷ በፊት እግሯን አየሁት። የግራ ጫማዋ ጎኑ ተቀዷል።

«ኤድና፣ ያ የሂልዳ ጫማ አይደለም እንዴ?» አለችኝ ቤሪል፣ ክንዴን ይዛ።

ከዚያ ዞርክ። እማዬን ሆነህ ዞርክ። ስኳሩ፣ ጠርዙ፣ ፍርፋሪው፣ ሁሉም አለ። «ምንጣፌን ልታጠቁርብኝ ነው?» ስትል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጎበዝ ነበርክ፤ ያቃጠለኝም እሱ ነው፤ መጥፎ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ላይ ስኒውን አነሳህ። ተው ብዬ በልቤ ለመንኩህ። ቀስ አድርገህ ጭንህ ላይ ደፋኸው። መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ገባቸው፣ ከዚያ አለቀሱ። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት አፍንጫዋን እየጠረገች «ይሄንን ከየት አሰበው በእግዚአብሔር?» አለች።

ከቤሪል ጋር ልብስ መቀየሪያ ክፍልህ ስንገባ ቅባቱን ከፊትህ እየጠረግክ ነበር፤ ግማሹ እማዬ፣ ግማሹ አንተ።

«እንዴት አየሽው?»

«አስፈቅደሃታል?»

«ምኑን ትፈቅዳለች ኤድና፣ ታውቀዋለች እንዴ? ከፍቅር ነው ያደረግኩት። ሰው እሷን አይቶ አለቀሰ እኮ።»

«መጀመሪያ ሳቀባት።»

«ካልሳቀ አያለቅስም። ሥራው እንዲህ ነው።»

«ያን ሻይ የደፋችው እንዳይታይባት ነበር፣ ክላረንስ።»

ይህን አላጣኸውም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።  በመስታወቱ ውስጥ ፊቴን ታይ ጀመር። ንዴቴን ታየው ነበር፣ ከንፈሬ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ። ያኔ ነው ቤሪልን ጎትቼ የወጣሁት።

ቴአትሩ ከተከፈተ ወዲህ አንዲትም ሐሙስ አልመጣህም። ሽልማቱን ስትቀበል «ይህ የእናቴ ነው» አልክ፤ እማዬ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ ነበር፣ ማን እንደሆንክ አላወቀችህም። ሐሙስን ግን ታውቃለች። በምን እንደምታውቃት እኔ እንጃ፤ የእኔ ስም ጠፍቶባት ሐሙስ አልጠፋችባትም። የኋላውን በር ትከፍታለች፣ ሁለት ስኒ ታወጣለች፣ ብርዱ እየገባባት ደጁን ስታይ ትውላለች። ግቢ ስላት «ከሰል አምጪው ይመጣል» ትለኛለች።

ያለፈው ሐሙስ አላስቻለኝም። የአባባን ቆብና ኮት አደረግኩ፣ ጉንጬን ጥላሸት አስነካሁ፣ በፊት በር ወጥቼ በኋላ ዞርኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በጠራራ ቀን። ቤሪል በመስኮት አየችኝና መጋረጃዋን ዘጋችልኝ፣ እግዜር ይስጣት።

«ዛሬ ስንት ከረጢት ነው፣ እትዬ ሂልዳ?» አልኩ፣ ድምፄን አጎርንኜ።

እማዬ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ኤድና፣ የአባትሽ ቆብ አንቺ ራስ ላይ ምን ይሠራል?»

ስሜን ስትጠራኝ ቆቡን ወደ ዐይኔ ጎተትኩት። «ክሌግ ነኝ» አልኩ፣ እንደ ጅል።

«ክሌግማ ሞቷል። ለቀብሩ ሳንድዊች የሠራሁት እኔ አይደለሁ?» ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ክላረንስ ዛሬም ቀረ?»

«እማዬ፣ ክላረንስ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«የወለድኩትን?» አለች። «መጀመሪያ ቀን እውነት ክሌግ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን አወቅኩት። ደህና ስሆን ሰዓቱን ያያል። ስቀባዥርለት ኮቱን ያወልቃል። እንዳይሄድብኝ ብዬ ነው።»

እጇን ያዝኩ። ወደ እኔ ዞረችና በትህትና «የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እመቤት?» አለችኝ።

እንግዲህ የት ደረሰች ላልከኝ መልሱ ይህ ነው፤ አንተ ከምታስበው ቦታ ቀድማህ ደርሳ ስትጠብቅህ ነበር። የምትናገረው እውነት ይሁን ሌላ ቅዠት ልምልልህ አልችልም። ግን ያን ያህል ዐይን ያለህ ሰው፣ ከስኳሩና ከፍርፋሪው የትኛው በሽታዋ እንደነበር የትኛው ላንተ ብላ እንደነበር አሁን ለየው። ሰረቅኳት ብለህ ከሆነ የተኩራራኸው፣ እያወቀች ነው የሰጠችህ። ሻዩ ግን ላንተ አልነበረም። እሱን ከፊልሙ ታወጣዋለህ፤ ይህን እየለመንኩህ አይደለም።

የኋላውን በር ቀርቅሬዋለሁ። ክሌግ ሞቷል፣ ሁለተኛ አይመጣም። ሐሙስ መምጣት ከፈለግክ በፊት በር ና፤ ጫማዋን ይዘህላት፣ ካፖርትህን ደጅ አውልቀህ፣ ሰዓትህን ለንደን ትተህ። «ክላረንስ ነኝ» በላት። ምንጣፌን አጠቆርክ ብላ ብትጮህብህም «ክላረንስ ነኝ» በላት፣ ሌላ ድምፅ ሳታወጣ። እሱን ሰውዬ ስትሆን አይቼህ ስለማላውቅ ይሳካልህ እንደሆነ እንጃ።

እማዬ የምታወጣልህን ሁለተኛውን ስኒ እስከ ሐሙስ ከቦታው አላነሳውም። ሐሙስ ካለፈ አነሳዋለሁ።

እህትህ
ኤድና