አጥንት መስሎን ነበር

ውድ ወንድሜ ክንዱ፣

እንደምን ሰነበትህ ብዬ አልጀምርም፤ መልሱን እፈራዋለሁ። ስልክህን ባንኮኒው ላይ ቻርጅ እንደተሰካ ጥለኸው ሄድህ። በጠራ ቁጥር አነሣና "ክንዱ የለም" እላለሁ። ይህን ማለት አስጠልቶኛል። ሾፌሩ ሐምዛ ዛሬ ሰሊጥ ሊጭን ሳንጃ ስለሚወርድ ደብዳቤውን ለእሱ ሰጠሁት፤ በእግሩም ቢሆን ያለህበት ድረስ ሊያደርስልኝ ምሎልኛል።

ውሻችን ጓዴ ሞተ። አንተ በሄድህ ማግስት፣ ከፈለጥኸው እንጨት ሥር ተዘርሮ አገኘሁት። አብዶ ነበር ክንዱ። አፉ አልገጥም ብሎ ለሃጩ ሲዝረበረብ እኛ አጥንት የተሰነቀረበት መሰለን። የምግብ ቤት ጓሮ ያደገ ውሻ ሌላ ምን ይሆናል ብለን እንጠርጥር? እኔ ራሱን ያዝሁ፣ አንተ እጅህን እስከ ጉሮሮው ሰደድህ። "እቴ፣ አጥንት የለም! ካንቺ ቤት አጥንት ሲጠፋ ገና ዛሬ አየሁ!" ብለህ አሳቅኸኝ። ሳቄን ሳልጨርስ ነከሰህ።

ያየህ ሁሉ ከወንዝ ማዶ ያለው መድኃኒተኛ ዘንድ ሂድ አለህ፤ ሄድህ። ከዚያም "አያ ወልደ ገብርኤል መድኃኒቱን አጠጥተውኛል፤ ቁስሉንም ቅጠል ቀብተውልኛል፤ በሰውነትህ እስኪያድር ወንዝ አትሻገር ብለውኛል" ብለህ በሰው ላክህብኝ።

እኔ ግን ጎንደር ወረድሁ። ሽንኩርት ስከትፍ የቆረጥሁትን ጣቴን ለሃጩ ነክቶት ነበር። ክትባት የወጋችኝ ነርስ፣ ሲስተር ፀደንያ፣ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ቫይረስ ይሉታል። ብቻውን ሆኖ አይበላም፣ አይራባም። ከለሃጩ ጋር ቁስል ውስጥ ይገባና ሕዋስ የምትባለውን የሥጋችንን ቅንጣት እንደ ዘመድ በር ያንኳኳባታል። ትከፍትለታለች። ከገባ ወዲያ ጓዳውን ይይዛል፤ እሷም የራሷን ሥራ ትታ የእሱን ብጤ ስትሠራ ትውላለች። "እንዴ፣ አንድ እንግዳ ብቀበል ማድቤቴ እሱኑ የመሰለ እንግዳ እያበሰለ ሊያወጣልኝ ነው?" ብዬ ሳቅሁ። ፀደንያ አልሳቀችም። የተባዙት ነርቭ የሚሉትን ክር ይዘው ሽቅብ ወደ ራስ ይወጣሉ አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ወደ ምራቅ ይወርዳሉ። ያበደ ውሻ ሲናከስ እነሱን ወደ ሌላ ሰው ቤት እያሻገራቸው ነው።

"ራስ ላይ ከደረሱስ?" አልኋት።

"ያኔ እኛም የምናደርገው የለንም፣ እናቴ። በሽተኛው እየጠማው ውሃ መዋጥ ያቅተዋል። ውሃ ሲያይ ጉሮሮው ይታነቃል።"

ወንድምዬ፣ አወጣጣቸው ቀስ ብለው ነው፤ የቀረችን ተስፋ ይህችው ናት። ክትባቱ ከቀደማቸው ሰውነትህ ለይቷቸው መንገድ ላይ ያስቀራቸዋል። ቁስሌ ጠገገ፣ ሸጋ ነኝ ብለህ እንዳትቀመጥ። እጅህ ላይ የለም ማለት ወደ ላይ እየወጣ አይደለም ማለት አይደለም። ደብዳቤው እንደደረሰህ የቀቡህን ቅጠል አንሣና ቁስሉን በሳሙና፣ በሚወርድ ውሃ ደጋግመህ እጠበው።

እናታችን ካረፈች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ "ያላንተ አልችልም" ብዬህ አላውቅም። ቃሌ ሁልጊዜ እንጨት ፍለጥ፣ ውሃ ቅዳ ነው። አንተም እየሳቅህ ትቀዳለህ። አሁን እንስራውን ባየሁ ቁጥር ጉሮሮህ ይታየኛል፤ እኔም መጠጣት አቃተኝ።

ስለ ወንዙ አልሟገትህም፤ አያ ወልደ ገብርኤልንም አልነቅፍም። የሚያውቁትን አደረጉ። አትሻገር፤ እኛ እንሻገራለን። ነገ ፀደንያ ከሥራ ዕረፍት ናት። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዛ ከእኔ ጋር በመጀመሪያው መኪና ትመጣለች። እሳቸውም ካሉ አጠገብህ ይቀመጡ፤ ጸሎታቸው አይቋረጥ። አንተ ክንድህን ብቻ ዘርጋልን።

ከወዲህ ማዶ ሆኜ እጣራለሁ። ስትመጣ ምንም አትናገር። ጎንበስ በልና ከወንዙ በእፍኝህ ጠጣልኝ። ስትውጥ ልይህ።

ከዚያ ጫማዬን አውልቄ እሻገራለሁ። ባትጠጣም እሻገራለሁ።

እህትህ ሸዋረጋ፣
ከኮሶዬ