የላሞችዎ ጨው

ውድ እትዬ ተሾመች፣

ቅዳሜ ሺሺንዳ ገበያ ላይ መገናኘታችን ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። "ያቺ በኔ የተበላሸችብህ ሥራ ተስተካከለችልህ ወይ?" ብለው ሲጠይቁኝ "አዎ፣ ደህና ናት" ብዬ ላመልጥ ቸኮልኩ። እርስዎ ደግሞ ከኋላዬ "ተመስገን! በኔ ምክንያት እንዳይቀርብህ ስጸልይ ነበር" አሉ። በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ቦንጋ ላቦራቶሪው ውስጥ አብረን ስንሠራ የምፈልገውን ብዙ ጊዜ ነግሬዎታለሁ። ብረትና ረጃጅም የካርቦን ሞለኪውሎች አንድ ላይ ሲሞቁ፣ ማንም ሳይገጣጥማቸው በራሳቸው ተያይዘው ትልቅ ቀለበት እንዲሠሩ ነበር ድካሜ። ሁለት ዓመት ሙሉ የወጣልኝ ግን ቅርጽ የሌለው ዝቃጭ ነው። እርስዎ ብልቃጡን እያጠቡ "ዛሬም እምቢ አለ?" ይሉኛል፤ እኔ እነጫነጭብዎታለሁ።

ከዚያ ውሃ አራት ቀን ጠፋ፤ የተጣራውም አለቀ። ሥራዬ እንዳይቆም ብለው ከቤትዎ በጀሪካን ይዘው መጡ፤ አጥልለን ተጠቀምንበት። በማግስቱ በሩን ስከፍት ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

"በዛብህ፣ አጥፍቻለሁ። ጀሪካኑ ባለቤቴ ለላሞቹ ጨው የሚበጠብጥበት ነው። ለካ ሥሩ ላይ ጨው ቀርቶ ኖሯል" አሉኝ።

ማንም አላየዎትም ነበር። ዝም ቢሉ ኖሮ ምንም አላውቅም ነበር።

እኔ ግን ጮህኩብዎት። በዚያ ውሃ የሠራነው የተቀመጠበት ጠርሙስ ላይ ወረቀት ለጥፌ "በተሾመች የተበላሸ" ብዬ ከነቀኑ ጻፍኩና መደርደሪያው ጥግ ወሸቅኩት። ለዲፓርትመንት ኃላፊው ለዶክተር ፍቃዱም ሪፖርት አስገባሁ። ኮንትራትዎ ሳይታደስ ቀረ። ነጩን ጋወን አጥበው፣ ተኩሰው ነበር ያስረከቡት፤ እሱ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ከሦስት ወር በኋላ መደርደሪያውን ሳጸዳ በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ቀይ ክሪስታል አድጎ አገኘሁ። ውጭ አገር ልኬ አስመረመርኩት። ምስሉ ሲመጣ አምስት ብረቶች በክብ ተደርድረዋል፤ መሃላቸው አንድ ክሎራይድ ተቀምጧል። ክሎራይድ ጨው ውስጥ ያለው ነው። ሌሎቹን ዙሪያውን ሰብስቦ ቀለበት ያደረጋቸው እሱ ነው። በንጹሕ ውሃ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ዝቃጭ። የላሞችዎ ጨው ነው እትዬ! በዚያው ቀን ደጅዎ ላይ መገኘት ነበረብኝ።

አልመጣሁም። ጽሑፉን በስሜ ብቻ አሳተምኩ። ጅማ ስብሰባ ላይ ሔለን የምትባል ተመራማሪ "ክሎራይዱን መሃል ለማስገባት እንዴት አሰብክ?" ብትለኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ "አስልቼ የጨመርኩት ነው" አልኩ። ተጨበጨበልኝ። እድገትም አገኘሁበት።

ዛሬ ጠዋት ለዶክተር ፍቃዱም ለመጽሔቱም እውነቱን ጽፌ ላክሁ። ስምዎ ከስሜ በፊት እንዲገባ፣ ያ ሪፖርትም እንዲሰረዝ ጠይቄያለሁ። ሥራዎ ይመለስ እንደሆነ አላውቅም። እኔን የሚያገኘኝ ያግኘኝ። እሑድ ቤትዎ እመጣለሁ፤ ባለቤትዎ ባሉበት ይህንኑ በአፌ እናገራለሁ። በሩን ባይከፍቱልኝም አልፈርድብዎትም።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርዎት አልጨርስም። ማስረጃ ላያይዝ ብዬ የሁለት ዓመት ደብተሬን ገጽ በገጽ ገለበጥኩት። ብልቃጡን ያጠቡት፣ እሳቱን የጠበቁት፣ ውሃውን የተሸከሙት እርስዎ ሆነው ሳለ ስምዎን አንድም ቦታ አልጻፍኩትም። በእጄ የጻፍኩት ጠርሙሱ ላይ ብቻ ነው፦ "በተሾመች የተበላሸ።" ፎቶ አንስቼ እሱን ላክሁ። ቀለበቱ የእርስዎ ለመሆኑ ያለኝ ማስረጃ ያ ብቻ ነው።

ቀና ብሎ ሊያይዎት ያፈረው፣
በዛብህ