የእማዬ ዕጣ

ለውዷ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? መክረምሽ ደህና ነው ወይ? ጉልበትሽስ፣ ወገብሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ የጎን ውጋትስ እንዴት አደረገሽ? ባልሽ ደህና ነው? ልጃችን ስንት ጥርስ ነቀለች? የምትንከባከቢያቸው አሮጊትስ አሁንም ሾርባው ጨው የለውም እያሉ ያማርሩሻል? እኔ ፍጹም ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ ሁሉንም ታውቂዋለሽ። በአንቺ ናፍቆት በኩል ግን እንደ ድሮዬ ነኝ፣ ምንም አልቀነሰልኝም።

በስልክ ልነግርሽ ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። አንቺም «እታለም፣ ምን ሆነሻል፣ የአየር ትንበያ ጀመርሽ እንዴ?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ምላሴ አልታዘዝ ስላለኝ ብዕር አነሳሁ። ፊደሌ ቢጠማዘዝ ታገሺኝ። ስለ ፊደል ደግሞ ወደ በኋላ የምነግርሽ አለ።

መድኃኒቱ አልቋል። ስድስተኛውን ዙር ከወሰድኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ። ሲያልቅ ሁሉም ነገር ወዲያው የሚመለስ መስሎኝ ነበር። አልተመለሰም። የጣቶቼ ጫፎች ደንዝዘው ቀርተዋል፤ ቁልፍ ስቆልፍ በዓይኔ ካላየሁ የያዝኩት ቁልፉን ይሁን ጨርቁን አላውቅም። ሁለት ጥፍሮቼ ጠቁረው ወልቀዋል። ውሃ እንኳ ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል። ባለፈው ሳምንት እስቲ ልሞክረው ብዬ ወደ ልብስ መተኮሻ ቤታችን ሄጄ ነበር። የአንዱን ሸሚዝ አንገትጌ ስተኩስ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ጨርቁ መስሎኝ ካውያውን ባነሳ የተቃጠለው የራሴ ጣት ነው። ምንም አልተሰማኝም። ከጎኔ የምትተኩሰው፣ አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ የምንላት ጓደኛዬ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ጣት ተኩሱልን ያለን ደንበኛ እኮ የለም» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጣቴን ውሃ ውስጥ እንደያዘች አለቀሰች። ሻሼ ሲንሸራተትም አንፀባረቅሽብኝ እያለች የምታስተካክልልኝ እሷ ናት።

ዶክተሯ መድኃኒቱ እብጠቱን ከእንቁላል ወደ ሽንብራ እንዳሳነሰው፣ አሁን የቀረው በቀዶ ሕክምና ማውጣት እንደሆነ ነገሩኝ። ጡቴም አብሮ ይሄዳል። ይህን ስሰማ አልደነገጥኩም ብልሽ ውሸት ነው። ብዕር ያስነሳኝ ድንጋጤ ግን እሱ አይደለም።

ማክሰኞ የቀጠሮ ወረቀት ተሰጠኝ። ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ እግሩ የሚወዛወዝ አግዳሚ አለ፣ እዚያ ተቀምጬ ገለጥኩት። በእጅ የተጻፈ ነው። ከመድኃኒቱ ወዲህ ዓይኔም ሐሳቤም ጭጋግ አለበት። «ዕጣው የሚወጣበት ቀን» የሚል አነበብኩ። ምንም አልገረመኝም። ተነስቼ ወደ ሲስተሯ መስኮት ሄድኩና፣ ዕጣው የሚወጣው እኔ ባለሁበት ነው ወይስ ደውላችሁ ትነግሩኛላችሁ ብዬ ጠየቅኋት። «የምን ዕጣ፣ እናቴ?» አለችኝ። ወረቀቱን አሳየኋት። ሳቀች፤ ክፋት የሌለው ሳቅ ነው። «ዕጢ እኮ ነው የሚለው፣ ዕጢ። እብጠትዎ የሚወጣበት ቀን ማለት ነው። እዚህ ቤት ዕጣ የለም፣ ያለው ተራ ብቻ ነው» አለችኝ።

እህቴ፣ እዚያው ክው ብዬ ቀረሁ። መስኮቱን ተደገፍኩ። ሲስተሯ የመድኃኒቱ ድካም መስሏት ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ አመጣችልኝ፣ ቀስ ብለው ይተንፍሱ አለችኝ። እኔ እሷን እያየሁ የማየው ግን የእማዬን ወረቀት ነበር።

እማዬ ያን ወረቀት ይዛ ከጤና ጣቢያ የተመለሰች ቀን አንቺ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ጤና ረዳቱ ቤት ስትደርሺ አስነብቢው ብሏት ነበር። በቤታችን ፊደል የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ማንም ሳያስተምረኝ ግድግዳችን ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ የቃረምኩት ነው። ከአልጋዬ ራስጌ የነበረው ገጽ የሎተሪ ውጤት ነበር። «ዕጣ የወጣላቸው ቁጥሮች» ይላል፣ በትልልቁ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኳቸው ቃላት እነዚያ ናቸው። ፊደል ሳስቆጥርሽ እሱን እያሳየሁ ነበር፣ ትዝ ይልሽ እንደሆነ።

የእማዬ ወረቀት ከላይ እስከ ታች በፈረንጅ ፊደል የተጫረ ነው። ከግርጌው አንድ መስመር ብቻ በእኛ ፊደል ነበረበት፣ ሦስት ቃል። እማዬ፣ ባለቤቴና ሁለት ጎረቤቶች አፍ አፌን ያዩኛል። «ዕጣው በአስቸኳይ ይውጣ» ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ማንበብ ብቻ አልበቃኝም፣ ተረጎምኩት። በሽተኛ ስለበዛባቸው ዕጣ ይጥላሉ፣ የወጣለትን ይጠሩታል፣ አስቸኳይ ስለሚል ብዙም አይቆይም አልኩ። ይህ የትም አልተጻፈም። ከራሴ ያወጣሁት ነው።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግንበኛ ስለነበር ፊደል ባያውቅም ግድግዳ ሲጣመም ከሩቅ ይታየዋል። በበሽታ ላይ ዕጣ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፣ ለመምህሩ እናሳየው አለኝ። «እኔ እያለሁ?» አልኩት። ሁለት ቀን አኮረፍኩት። ዳግመኛ አላነሳውም፣ እስኪሞትም አላነሳውም። መምህሩ ይኖር የነበረው ከእኛ አምስተኛው በር ላይ ነው። ይህችን «እኔ እያለሁ»ን ሠላሳ አንድ ዓመት ተሸክሜያታለሁ። ምን ያህል እንደምትከብድ ግን እስከ ማክሰኞ አላወቅሁም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ላንቺም ትዝ ይልሻል። እማዬ ድንገት ብትጠራ ብላ የክት ቀሚሷን በየቅዳሜው እያጠበች ታሰጣለች። አንቺ በራችን ላይ ከነበረው ድንጋይ ተቀምጠሽ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ባለፈ ቁጥር «እማዬ፣ የዕጣው ሰውዬ መጣ» እያልሽ ትሮጫለሽ። አንድ ቀን እማዬ ሄደን ብንጠይቅስ አለችኝ። ዕጣ ይጠበቃል እንጂ አይለመንም አልኳት። እንዲህ ዘጠኝ ወር ተቀመጠች። መነሳት ሲያቅታት፣ «ለሌላ ወጣ መሰለኝ። ይሁን፣ ከእኔ የባሰች ትሆናለች» ብላ ቀሚሱን አጣጥፌ እንዳስቀምጠው ነገረችኝ።

አንቺ ሐኪም ቤት የማትረግጪው በዚህ ምክንያት ነው። አሮጊቷን እንኳ በር ድረስ አድርሰሽ ውጭ ትቆሚያለሽ። በሰው ነፍስ ዕጣ የሚጥሉ ትያቸዋለሽ። ባለፈው ወር ስንደዋወል ከብብትሽ ሥር ባቄላ የምታክል ነገር እንዳገኘሽ፣ ሕመም እንደሌላት፣ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽ ነገርሽኝ። ሂጂና ታዪ ስልሽ፣ «የእማዬ ዕጣ ሳይወጣ የእኔ ሊወጣ ነው?» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ወሬ ቀየርኩ።

ማክሰኞ ቤቴ እንደገባሁ የእማዬን ቀሚስ ያስቀመጥኩበትን ሻንጣ አወረድኩ። ወረቀቱ ከቀሚሷ ሥር ነው። ያን ጊዜ ካስቀመጥኩት ወዲህ ገልጬው አላውቅም። በዚህ ሁሉ ዓመት እጄ የገባውን መጽሐፍ ሁሉ አንብቤያለሁ፤ እነዚህን ሦስት ቃላት ግን አንድ ቀን ተመልሼ አላየኋቸውም። ሳልገልጠው የኖርኩት ስላላወቅሁ ነው ወይስ ስላወቅሁ? ከራሴ ወረቀት ጎን ዘረጋሁት። ጢ ነው። እግሩ ሥር ያለችው ጭረት ጥርት ብላ ትታያለች። የጻፈው ሰው አልተቻኮለም፣ ቀለሙም አልደበዘዘም። «ዕጢው በአስቸኳይ ይውጣ።» ጭረቷን በጣቴ ልዳስሳት ሞከርኩ፤ ጣቴ ምንም አልነገረኝም።

ከዚያ ወዲህ እንዴት ውዬ እንደማድር አላውቅም። ሻይ አፈላለሁ፣ ሳልጠጣው እደፋለሁ። በሩን ቆልፌ ወጥቼ የት ልሄድ እንደነበር ይጠፋኝና እመለሳለሁ። ሬዲዮ ቀዶ ሕክምናውን የፈራሁ መስሏት ስታጽናናኝ ትውላለች። የሚገርምሽ፣ ጡቴን ረስቼዋለሁ።

ትላንት ወረቀቱን ይዤ ወደ ዶክተሯ ተመለስኩ። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ በቤተሰብ ይህ በሽታ ነበረ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አላውቅም ብዬ ነበር። አሁን ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብበው «የእናትዎም ጡት ላይ ነበር» አሉ። ከዚያ ስለ እኔ ምንም ሳይሉ፣ «እህት አለዎት?» አሉኝ። የባቄላዋን ነገር አጫወትኳቸው። አብዛኛው እብጠት ክፉ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን በመዳበስ ብቻ እንደማይለይ፣ እናትም እህትም የታመሙበት ቤት ሲሆን ደግሞ ዛሬ ነገ ማለት እንደማይገባ ነገሩኝ። «ሳምንት ሳይሞላ ትታይ» ብለው ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱት።

ስለዚህ እህቴ፣ ዕጣ አልነበረም። ማንም በእማዬ ላይ ዕጣ አልጣለም። ትምጣና ይውጣላት ብለው ጽፈው ነበር፤ የቀረነው እኛ ነን፣ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። አንቺ የተቀየምሽው ነገሩን የማያውቁ ሰዎችን ነው። ቂምሽን ወደ እኔ አምጪው፣ ግን መጀመሪያ ሂጂ። ፖስታ እንዳይዘገይ ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ ለሚመጣው ለሬዲዮ የአጎት ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ ሰኞ እጅሽ ይገባል። የእማዬን ወረቀት አብሬ አድርጌዋለሁ። በእኔ ንባብ አትመኚ፣ ራስሽ አንብቢው። ቤተሰብ ውስጥ አለ ወይ ሲሉሽ እሱን ስጫቸው። ተመርምረሽ ስትወጪ ከበሩ ሳትርቂ ደውይልኝ፣ ያን ጊዜ የፈለግሽውን በይኝ። ስልኩን አልዘጋም፣ ስለ ዝናብም አላወራም። ይቅር በይኝ ብዬ አሁን አልለምንሽም። ይቅር ለማለትም ላለማለትም መጀመሪያ መኖር አለብሽ።

ባልሽን እጅግ አድርገሽ ሰላም በይልኝ፤ አደራ፣ መኪናውን ያቁምና አብሮሽ ይግባ፣ በር ላይ አውርዶሽ እንዳይሄድ። የአሮጊቷን ጉልበት ሳሚልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ እሳቸው ውጭ ቁጭ ብለው አንቺን ይጠብቁሽ፣ ስለ ሾርባውም እዚያው ያስቡበት። ሬዲዮ ሳታውቂያት ሰላም ብላሻለች፤ የእሷን ሰላምታ ሙሉውን ልጽፍ ብል ወረቀት አይበቃኝም። የልጃችንን ሁለቱን ጉንጮች ሳሚልኝ። ፊደል መጻፍ ጀመረች ብለሽኛል። ጢ ላይ ስትደርስ እጇን ያዥላት፤ ጭረቷን ጫን አድርጋ ትጻፋት።

እታለም ነኝ፣ ታላቅ እህትሽ

ከመተኮሻ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ለቀዶ ሕክምናዬ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው