ያለ መሐላ ስለታመነችው እስረኛ

ሃስልጊል፣ ሰሜን እንግሊዝ፣ 1664

ለተከበሩ ቄስ ጀርቬስ ኦክስሊ፣
የደብራችን እረኛ፣ የመንጋው ጠባቂ፣ የኩዌከሮችም አሳዳጅ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመዋል? ሪህዎ እንደተሻለዎት፣ ድምፅዎም እንደ ወትሮው ከደወሉ እንደሚበልጥ ተስፋ አደርጋለሁ። እናቴ ዶርካስ ቤትሰን ያለ ቄስ፣ ያለ መሐላና ያለ ጥምቀት በሚያመልኩት በኩዌከሮች ወግ ዳኛውንም ለማኙንም እኩል «አንተ» ነው የምትለው። እኔ ልጇ ቶባያስ በወጓ ገና ስላልቀናሁ፣ እሷ የነፈገችዎትን «እርስዎ» ሁሉ አጠራቅሜ በዚህ ደብዳቤ አቀርባለሁ። በገበያው በር ላይ የምለጥፈውም ሕዝቡ በትሕትናዬ እንዲታነጽ ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ያለ ሰባኪ ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰዎች ዝምታቸው ባዶ ቤት ነው፣ ባዶ ቤትም የሰይጣን ነው ብለው ሰብከዋል። ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልኝ። አባቴ ማይልስ በእስር ቤት ትኩሳት ከሞተ ወዲህ ባርኔጣው በጸሎት ቤታችን ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ያው ለእግዚአብሔር እንጂ ለዳኛ አላወልቅም ብሎ የታሰረበት ባርኔጣ። ሁላችን ዝም ስንል ነፋስ ሳይኖር ይነቃነቃል። ከሥሩ ማንም አይቀመጥም፤ አግዳሚው ግን ሰው አሁን እንደተነሣበት ይሞቃል። በሁሉ የምቀልደው እኔ እንኳ እዚያ ስደርስ ዞሬ አልፋለሁ። ባዶ ነው ካሉ፣ አንድ ቀን መጥተው ይቀመጡበት።

ሁለተኛ፤ የማይምል ሰው ቃሉ አይታመንም ብለዋል። እናቴም የታሰረችው በመጽሐፉ ላይ እጄን ጭኜ ለንጉሡ አልምልም በማለቷ ነው። ጌታ ከቶ አትማሉ ብሏል ብትልዎ፣ እርስዎ ጌታ እንዲህ ማለቱ እንዳልነበረ አስረዷት፤ ጌታን ስላረሙልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ታዲያ ባለፈው ሳምንት አባቴ በሞተ ጊዜ የእስር ቤቱ ዘበኛ ሃምፍሪ በሩን ከፍቶ፣ «ሂጂ፣ እትዬ ዶርካስ፣ ባልሽን ቅበሪ። ሰኞ ትመለሻለሽ?» አላት። «አዎን» አለችው። አለቀ። ዋስ የለ፣ ሰንሰለት የለ፣ አጃቢ የለ። እኔ ነገር ፈላጊው፣ «ብትጠፋብህስ?» ብዬ ብነካካው፣ «አንተን ቢሆን በካቴና ነበር፣ ቀጣፊ! የእናትህን ‹አዎን› ግን ትራስ አድርጌ እተኛበታለሁ» አለኝ።

ሦስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ግን ጊዜ የለም። አባቴን የወሰደው ትኩሳት አሁን በእናቴ ጉንጭ ላይ ነው፤ ሰኞ እስር ቤት ከተመለሰች ሁለተኛ የምትወጣ አይመስለኝም። ጫማዋን ደበቅሁባት።

«ቶቢ፣ ጫማዬን አምጣ።»

«የቱን ጫማ?»

«ልጄ፣ መንገዱን በባዶ እግሬም አውቀዋለሁ።»

አመጣሁላት።

ዳኛው እርስዎን ይሰማል። የዚህች ሴት ቃል ይበቃል ቢሉት በሩ ይከፈታል። ይማሉልኝ አላልኩም፤ «አዎን» ቢሉኝ ይበቃኛል።

በራሴ ላይ ባርኔጣዬን እንደጫንኩ፣ በሐሳቤ ግን እስከ ጫማዎ ድረስ አጎንብሼ፣

ፊደል በግማሽ የቆጠረው፣ ጸሎትዎን በሙሉ የሚሻው
ቶባያስ ቤትሰን

ማሳሰቢያ፤ ይህን ሳልለጥፍ ሰኞ ደረሰና እናቴን ሸኘኋት። ስንደርስ በሩ ተቆልፏል፤ ሃምፍሪ ምሳ ላይ ነበር። ድንጋዩ ላይ አረፍ ብላ ጠበቀች፤ ሲዘገይባት ግድግዳውን ተደግፋ ተነሥታ አንኳኳች። ጋሪ የሚነዳ አንድ ሰው፣ «እትዬ፣ ያ በር የሚንኳኳው ከውስጥ ነው!» ብሎ ሳቀባት። ከፈቱላት፤ ገባች፤ ተዘጋ። ከማሉት ምእመናንዎ መካከል ያን በር ከውጭ ያንኳኳ አንድ እንኳ ካለ ስሙን ይላኩልኝ፤ በማግሥቱ መጥቼ በእጅዎ እጠመቃለሁ።