አራት መቶ ስም መልሰው የከፈቱት የታላቅ ወንድሜ የሕይወት ታሪክ

ከዚህ በታች የተጻፈው አንዲት ቃል ያልተጋነነበት እውነት መሆኑን፣ እኔ ታናሽ ወንድማቸው፣ እዚህ በቆመው ሕዝብ ፊት እምላለሁ።

ጋሼ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። በሰባት ዓመታቸው የጎረቤት ሬዲዮ ፈተው ገጥመዋል፤ ከገጠሙት በኋላ ከዚያ በፊት ተሰምቶ የማያውቅ ጣቢያ ሁሉ ይይዝ ጀመር። የቴክኒክ ትምህርታቸውን በማዕረግ አጠናቀው በ1986 ዓ.ም. በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ተቀጠሩ። እዚያው መዝገብ ቤት ይሠሩ የነበሩትን ባለቤታቸውን በ1988 ዓ.ም. አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደዋል።

የሥራ ድርሻቸው የሦስት ሺህ ሠራተኞችን የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ማስተዳደር ነበር። አምስት ሺህ ብል ማን ይቆጥራል፤ ግን ምያለሁ። ከሐኪም እስከ ጽዳት ሠራተኛ፣ ማን የትኛውን ፋይል እንደሚከፍት የሚወሰነው በእሳቸው ጣት ነበር። የብዙ ሰው ስም በአንድ ጊዜ እንዲዘጋ ዝርዝር ሲመጣላቸው፣ አስቀድመው ከመካከሉ ሦስት ሰው መርጠው ይደውሉ ነበር። “ሥራ ለቀሃል?” ብለው ጠይቀው፣ አዎ ካሏቸው ብቻ ቁልፉን ይጫናሉ።

በ2004 ዓ.ም. አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ኮንትራታቸው አብቅቷል የተባሉ የአራት መቶ ሰዎች ዝርዝር ከሠራተኛ አስተዳደር መጣላቸው። ያመጣሁት እዚያው ሠራተኛ አስተዳደር እሠራ የነበርኩት እኔ ነኝ። ኳስ ሊጀመር ስለነበር ቸኩዬ ነበር። ስልኩን ሲያነሱ፣ “ጋሼ፣ ሦስቴ አይቼዋለሁ፤ ዝም ብለህ ዝጋቸው” አልኳቸው። አንዴም አላየሁትም። ወንድማቸውን አምነው ስልኩን አስቀመጡት፤ ቁልፉንም ተጫኑ። የሰጠኋቸው ኮንትራታቸው የታደሰላቸውን ሰዎች ዝርዝር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የበሽተኛ ፋይል የሚከፍት ሰው ጠፋ። ኮሪደሩ ሞላ። አንዷ ነርስ፣ “ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ አላውቅሽም አለኝ እኮ፤ ወደ ቤቴ ልሂድ?” ብትላቸው፣ “ቁጭ በይ ልጄ፣ አሁን እንደገና እቀጥርሻለሁ” አሏት። ስሞቹን አንድ በአንድ መክፈት ሁለት ቀን ፈጀ። እኔም ከጎናቸው አልተለየሁም፤ ሁለት መቶውን በገዛ እጄ ከፍቻለሁ። ሰኞ ዕለት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ፣ ጠረጴዛ እየደበደብኩ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብያለሁ፤ የሚሰማኝ አጣሁ እንጂ።

ጋሼ ከኃላፊነታቸው ተነሥተው ምድር ቤት ወረቀት ማባዣ ክፍል ተመደቡ። እስኪታመሙ ድረስ አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ሠሩ። ልጠይቃቸው በወረድኩ ቁጥር ወንበር ይስቡልኝ ነበር። አንድም ቀን ተመችቶኝ ተቀምጬበት አላውቅም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ደጅ ሳያስጠና ያስገባልን።

ባለቤታቸው ረቂቁን አንብበው ከግርጌ በእርሳስ የጻፉትን እንዳለ አሳትሜዋለሁ፦

“ወንድሙ ሁለቱንም ቀን አልመጣም፤ ዳይሬክተሩም ዘንድ አልገባም። አራት መቶውን ብቻውን ነው የከፈተው፤ ምሳ ያመላለስኩለት እኔ ነኝ። ዝርዝሩን ማን እንዳመጣው ለምን አትናገርም ስለው፣ ‘ተዪው፣ አንድ ቀን ራሱ ያወራዋል፤ ሲያወራው ግን ያዳነኝ እሱ ይሆናል’ ብሎ ሳቀ።”